የወደድነውን የማይደግምልን ባንድ

«ሰውዬው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቃቅሰው?» ይሉናል ጓደኞቻችን ሬድዮሄድን በከፈትን ቁጥር። ቶም ዮርክ ምንም አልሆነም፤ ድምፁ እንዲያ ነው። ደግሞስ ትዝታ እየሰማ ያደገ ሰው ሐዘን ያለበት ዜማ ይከብደዋል እንዴ? (እነዚሁ ጓደኞቻችን ታክሲ ውስጥ የሚያስለቅስ ዘፈን ሲመጣ «ጨምርልን!» ባዮች መሆናቸው ይያዝልን።)

ዛሬ የምንሟገተው ግን ስለ ድምፁ አይደለም። ሬድዮሄድን የምንወደው እምቢ ማለት ስለሚያውቅ ነው። ያውም እኛን፣ አድናቂዎቹን!

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቶም ዮርክ፣ ወንድማማቾቹ ጆኒና ኮሊን ግሪንውድ፣ ኤድ ኦብራየንና ፊሊፕ ሰልዌይ የተገናኙት እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው አቢንግደን፣ ተማሪዎች ሳሉ ነው። ባንዱን የመሠረቱት በ1985 ነው (በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየሄድን ነው)። በ1992 «ክሪፕ» የተባለውን ነጠላ ዘፈን አወጡ። መጀመሪያ ላይ በአገራቸው ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ1993 እስራኤል ውስጥ፣ ቀጥሎም አሜሪካ ውስጥ ተወደደና እንደገና እንግሊዝ ሲገባ ግን ጉድ ተባለ። ከአዝማቹ በፊት የሚሰማው ያ ዝነኛ የጊታር ጩኸት፣ ጆኒ ግሪንውድ ዘፈኑ ከመጠን በላይ ለስልሶበት ሊያበላሸው ብሎ ያደረገው ነው። ሊያበላሸው ሲል አሳመረው!

እናላችሁ፣ ሌላ ባንድ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? «ክሪፕ ቁጥር ሁለት»፣ «ክሪፕ ቁጥር ሦስት» እያለ እስኪያረጅ ይቸበችብ ነበር። እነዚህ ግን ዘፈኑ ሰለቻቸው፤ ለዓመታትም ከመድረክ አስቀሩት። በ1997 «ኦኬ ኮምፒዩተር»ን አወጡ። በማሽን ዘመን ብቻውን ስለቀረ ሰው የሚያወራ፣ ጊታሩ የሚያስደነግጥ አልበም ነው። ዓለም አጨበጨበላቸው። ሁሉም ያንኑ ሲጠብቅ በ2000 «ኪድ ኤ»ን ይዘው መጡ። ጊታሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ገብቷል፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ጃዝ ባንድ የሚንጫጫ ጥሩንባ አለ። ነጠላ ዘፈን አልወጣለትም። ግማሹ አድናቂ ግራ ገባው፤ አንዳንዱ ሐያሲም ወረደባቸው። አልበሙ ግን አሜሪካ ላይ አንደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጥቶ አዲስ ሥራ ሲጀምር «የድሮውን! የድሮውን!» ይላል አዳራሹ። ያው አዳራሽ በማግስቱ ማኪያቶ ላይ ቁጭ ብሎ «ዘፋኞቻችን አያድጉም እኮ፤ ያንኑ ነው የሚደጋግሙት» ሲል ይተነትናል። የቱ ይሻላል ታዲያ? አዲስ የሞከረውን «ተበላሸ»፣ ያልሞከረውን «ሰለቸን» ካልን ለሙዚቀኛው የተውንለት መንገድ የትኛው ነው?

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ኢኤምአይ ከተባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር የነበራቸው ውል ካለቀ በኋላ፣ በኦክቶበር 2007 «ኢን ሬይንቦውስ»ን በራሳቸው ድረ ገጽ ለቀቁትና ዋጋውን ለአድማጭ ተዉት። ከፈለጋችሁ ዜሮ፣ ከፈለጋችሁ የፈቀዳችሁትን። ብዙው ምንም ሳይከፍል ወሰደ፤ ብዙውም ከፈለ። ሲዲው ሱቅ ሲገባ ደግሞ እንግሊዝም አሜሪካም አንደኛ ወጣ።

«ስም ያለው ነው እንዲህ የሚቀብጠው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያንን ስም የተከሉት በኩባንያው ገንዘብ ጭምር ነው። ስም የሌለው ልጅ ዋጋውን ለአድማጭ ቢተው ጾሙን ሊያድር ይችላል። «ኪድ ኤ» ግን ብዙ የሚያጡት ነገር በነበራቸው ሰዓት የተጣለ ዕጣ ነው። ስም ያለው ሰው ለመሞከር ይበልጥ ይፈራል እንጂ አይደፍርም፤ ዙሪያችንን ብናይ ምሳሌው ሞልቷል።

ደግሞ ያ የዋጋ ጥያቄ የእኛም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው (ይህኛው በእኛው አቆጣጠር)። አዋጅ ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ቆሞ አይጠብቅም። ሬድዮሄድ የጠየቀው ሕጉ ሊጠይቅ የማይችለውን ነው፤ ማንም ሳያይህ፣ ማንም ሳያስገድድህ፣ ይህ ዘፈን ለአንተ ስንት ያወጣል?

አምስቱ ሰዎች አንድም ሰው ሳይቀይሩ፣ ከሰባት ዓመት ዝምታ በኋላ በኖቬምበር 2025 ማድሪድ ላይ እንደገና መድረክ ወጥተዋል። የአብሮነታቸውን ምስጢር ካላችሁን፣ እኛ የሚመስለን ማንም ሌላውን «የድሮውን ድገም» ብሎ አለማሰሩ ነው።

ላልሰማችሁ ምክራችን አጭር ነው። በ«ኢን ሬይንቦውስ» ጀምሩ፤ ለጆሮ ይቀላል። «ኪድ ኤ»ን ለሌሊት አቆዩት፤ ሦስቴ ሳትሰሙም አትፍረዱበት። ይህችኑ ሦስቴ፣ አዲስ ነገር ለሚሞክሩ የአገራችን ልጆችም አትንፈጓቸው። ከወደዳችሁት ደግሞ ክፈሉ።

ቸር ያሰማን!