አንድ ጊዜ የተለካ ማሳ ለሁሉም ሊያገለግል ይገባል

በየኪ፣ በሸኮ ወይም በደቡብ ቤንች ወረዳ ለሚኖር የቡና አርሶ አደር ታብሌት የያዘ እንግዳ በማሳው ዙሪያ ሲዞር ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ ከዩኒየኑ ይመጣል፣ ሌላው ከላኪ ድርጅት፣ ሌላው ከፕሮጀክት፣ ሌላው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት። ሁሉም የማሳውን ነጥብ ይጠይቃሉ። አርሶ አደሩም ሥራውን አቋርጦ እየመራ ያሳያል። እንግዳው ሲሄድ ግን ነጥቡም አብሮት ይሄዳል፤ ለባለማሳው ቁራጭ ወረቀት እንኳ አይተርፈውም።

ይህ ሁሉ ልኬት የመጣበት ምክንያት የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት ላይ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው አይገባም። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆን እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በኬክሮስና በኬንትሮስ መመዝገብ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ ይለካል፤ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የብዙዎቹ አርሶ አደሮቻችን ይዞታ ከ4 ሄክታር በታች ስለሆነ ሸክሙ የሚፈራውን ያህል አይከብድም። የሕጉ መተግበሪያ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ይህን ጊዜ ግን ማሳ ደጋግመን በመለካት ልንፈጀው አይገባም።

ነጥቡን መውሰድ ቀላሉ ሥራ ነው። የጂፒኤስ መቀበያ በስልክ፣ በታብሌት፣ አልፎ ተርፎ በአንዳንድ የሞባይል ኢንተርኔት ሞደሞች ውስጥ አለ። ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ለመቀበል ኔትወርክም የካርድ ሒሳብም አያስፈልገውም። ችግሩ የሚጀምረው ያ መረጃ ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ይለፍ ሲባል ነው። ከላፕቶፕ ጋር የተያያዘ ሞደም የሚሰጠውን የጂፒኤስ መረጃ አንድ ፕሮግራም ከያዘው ሌላው እንዳያነበው የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን እንኳ ትንሽ የማጋሪያ ፕሮግራም ይፈታዋል። የሚከብደው ድርጅቱ ራሱ መረጃውን በራሱ መተግበሪያ ውስጥ ቆልፎ ሲያስቀምጥ ነው።

ፋይሉ ቢተላለፍም እንኳ አጻጻፉ ካልተስማማ ነጥቡ ይጠፋል። በዚህ ረገድ የእኛ አካባቢ ከሌላው የባሰ ነው። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ከ36 ዲግሪ ኬንትሮስ በስተምዕራብ፣ ቦንጋ ደግሞ በስተምሥራቅ ይገኛሉ። በሜትር የሚለካው ዩቲኤም የሚባለው የካርታ ሥርዓት ዓለምን በዞን ሲከፋፍል መስመሩ የሚያልፈው እዚያው ላይ ነው፤ ሚዛን ዞን 36፣ ቦንጋ ዞን 37። የሚዛን ማሳ ነጥብ የዞን ቁጥሩ ሳይጻፍለት ቀርቶ ተቀባዩ 37 ነው ብሎ ከወሰደው፣ ቡናው 660 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሄዶ በረሃ ላይ ይበቅላል። ኬክሮስና ኬንትሮስ ቦታ ከተለዋወጡ ደግሞ አልጄሪያ ይገባል። እነዚህስ ቢያንስ ያስቃሉ፤ ወዲያውም ይታወቃሉ። የሚያሰጋው የማይታየው ስህተት ነው። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩበት አዲንዳን የተባለው መነሻና ዛሬ ስልኮች የሚጠቀሙበት መነሻ በ200 ሜትር ያህል ይለያያሉ። በቡና አገር 200 ሜትር ማለት የሌላ ሰው ማሳ ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ባለፉት ዓመታት ጫካ መንጥሮ ከሆነ በሳተላይት ሥዕል ላይ ጥፋተኛ ሆኖ የሚታየው ንጹሑ አርሶ አደር ነው። የእሱ ቡና ከጎረቤቶቹ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መለየት ካልተቻለ መላው ጭነት ይመለሳል።

አጻጻፉን በተመለከተ መፍትሔው ቀላል ነው። ሁሉም በዲግሪ፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ አድርጎ፣ ዛሬ ስልኮች በሚጠቀሙበት መነሻ ይመዝግብ። ሁለት አኃዝ ብቻ ከተጻፈ ስህተቱ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ፋይሉም ጂኦጄሰን በሚባለው፣ የአውሮፓውያኑ መመዝገቢያ ሥርዓት በሚቀበለው ዓይነት ይሁን። በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ስልኩ ይሳሳታልና ለኪው ትንሽ ታግሦ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የስህተት መጠን እስኪወርድ ይጠብቅ።

የበለጠ የሚያከራክረው መረጃው የማን ነው የሚለው ነው። ላኪው "በገንዘቤ ያስለካሁትን ለተፎካካሪዬ ለምን እሰጣለሁ?" ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን የተለካው የአርሶ አደሩ ማሳ ነው። ነጥቡ በአንድ ላኪ እጅ ብቻ ከቀረ አርሶ አደሩ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዋጋ ለሚሰጠው ሌላ ገዢ መሸጥ ሲፈልግ እንደገና እስኪለካ ይጠብቃል፤ ገበያው ግን አይጠብቀውም። ስለዚህ ወረዳው ለማንኛውም ለኪ ፈቃድ ሲሰጥ የፋይሉ ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲገባ፣ ለባለማሳውም ነጥቡ የተጻፈበት ወረቀት እንዲሰጠው በግልጽ ውል ያስገባ። ስምና ስልክ ቁጥር ግን ከነጥቡ ተለይተው ይቀመጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚያስገድደው ግዴታ አለ።

የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶችም ከዚህ ውጪ መሆን የለባቸውም። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በተሰጠባቸው ቀበሌዎች የማሳው ወሰን ቀድሞ ተለክቷል። ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው አንዱ የለካውን ሌላው እንደገና ሊለካ መውጣቱ ምን ይባላል? እርግጥ ነው፣ ብዙው የጫካ ቡና በደብተሩ ውስጥ የለም፤ እሱ አዲስ ልኬት ይፈልጋል። የባለሙያው ጉልበትና ነዳጁም ወደዚያ ቢሄድ ይሻላል።

የወረዳ ኃላፊዎች ለቀማው ሳይጀመር አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ከተሰበሰቡት ነጥቦች አሥሩን አውጥተው፣ ከለካቸው መተግበሪያ ውጪ በሆነ ሌላ ካርታ ላይ ከፍተው፣ ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ይዩአቸው። ነጥቦቹ በባለቤቶቻቸው ማሳ ላይ ካረፉ ሥራው ይቀጥል፤ ካላረፉ የቀሩትን ለመመርመር ጊዜው አሁን ነው።