መልስ ማጣትና «የለም» መባል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ስም ለሰው ልጅ መጠሪያው፣ መታወቂያው፣ ከሞተም በኋላ መታሰቢያው ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን ደብዳቤ አያደርስም፤ ስሙን ሰምቶ ቤቱን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ዓለምም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው ይህንኑ የስምና የአድራሻ ጉዳይ ሲሆን፣ ምሳሌ አድርገን የመረጥናት ከተማ ጎረቤታችን ካርቱም ናት። ካርቱምን የመረጥንበትም ምክንያት ከጣና ተነሥቶ የሚወርደው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት፣ ብዙ ወገኖቻችን ለረጅም ዘመን ሲኖሩባትና ሲሠሩባት የቆዩ ከተማ ስለ ሆነች ነው።

አስቀድሞ የነገሩን አመጣጥ በአጭሩ እንግለጽ። ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። ሰው ግን ቁጥር ማስታወስ ስለሚቸግረው ለየቁጥሩ ስም ወጣለት። በመጀመሪያው ጊዜ የስሞቹ ዝርዝር በአንድ መዝገብ ተጽፎ በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር። መዝገቡ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ሲሄድ አንድ ቤት ብቻውን ሊይዘው የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1983) ስሞቹ በብዙ ቤቶች ተከፋፍለው የሚጠበቁበትን ሥርዓት አቀደ። ይህም ሥርዓት «ዲ ኤን ኤስ» ይባላል። ስም ሲቀርብለት ቁጥሩን የሚመልሰውን ኮምፒውተር እኛ በዚህ ጽሑፍ «የስም አገልጋይ» እንለዋለን።

በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የሱዳን የስም ጫፍ የሆነው «ነጥብ ኤስ ዲ»ም በዚሁ ዓመት ተመዘገበ። በዚያን ጊዜ አገልግሎቱ የሚገኘው ሞደም በሚባለው መሣሪያ በተራ የስልክ ሽቦ ላይ እየተደወለ ሲሆን፣ ፍጥነቱም ቢበዛ በሴኮንድ 56 ኪሎ ቢት ነበር። ይህ ዓይነቱ አገልግሎት ዛሬ በአብዛኛው ዓለም አልፎበታል፤ አኦል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንኳ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጦታል። ቢሆንም በትንሽ ሞደም በሞባይል መስመር የሚገናኙ ብዙ ኮምፒውተሮች እስካሁን በዚያው በጥንቱ የመደወል ሥርዓት ስለሚሠሩ፣ ነገሩን ማወቅ ከንቱ ድካም አይደለም።

ሊኑክስ የሚባለውንም የኮምፒውተር ሥርዓት ሳንጠቅስ አናልፍም። ይህን ሥርዓት ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደውና ሊያሻሽለው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 አሜሪካ በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ስለ ነበር፣ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ መግዛት ለካርቱም ሰው ቀላል አልነበረም። በእንዲህ ያለው አገር ከማንም ፈቃድ የማይጠየቅበት ሥርዓት ጥቅሙ ግልጽ ነው።

እንግዲህ አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በካርቱም ተቀምጦ ሞደሙን አስደውሎ ተገናኘ እንበል። ምልክቱ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ነገር ግን የሚፈልገውን ገጽ በስሙ ሲጠራው አይከፈትም፤ ለቤተ ሰቡ የጻፈው ደብዳቤም አይሄድም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተናዶ ሞደሙን ይነቅላል፤ ደጋግሞ ይደውላል፤ አዲስ ካርድም ይገዛል። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝምና፣ አስቀድሞ በተራ መመርመር ይገባል።

አንደኛ፣ መስመሩ ራሱ ደኅና መሆኑ ይታይ። ይህም የሚታወቀው «ፒንግ» በሚባለው ትእዛዝ ስም ሳይሆን ቁጥር በመጥራት ነው፤ ለምሳሌ 8.8.8.8 ወይም 9.9.9.9 የሚሉት ቁጥሮች ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የስም አገልጋዮች አድራሻዎች ናቸው። ቁጥሩ መልስ ከሰጠ መስመሩ ደኅና ነው፤ ስም ሲጠራ ብቻ መልስ ከጠፋ ጕድለቱ በስም ፍቺው ላይ ነው። ቁጥሩም መልስ ካልሰጠ ግን ስለ ስም መጨነቅ ጊዜው ገና ነው፤ ምናልባት ኮምፒውተሩ መልእክቱን በስልኩ መንገድ በመላክ ፈንታ በቢሮው ሽቦ መንገድ እየላከው ይሆናልና የመንገዱ ሠንጠረዥ ይመርመር።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ማንን እንደሚጠይቅ ይታይ። በሊኑክስ ይህ የሚጻፈው «ሪዞልቭ ኮንፍ» በተባለው ፋይል ውስጥ ነው። በዚያ ፋይል «ኔምሰርቨር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የስም አገልጋዩ ቁጥር ይገኛል፤ እስከ ሦስት አገልጋዮች ድረስ ሊጻፉ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ባዶ ይሆናል፤ ወይም ቀን በቢሮ የተጻፈው የቢሮው አገልጋይ ቁጥር ማታ በቤትም ሳይለወጥ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ከቢሮ ወጥቶ ቤት ቢገባም የሚጠይቀው የቢሮውን ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውም ከዚያ ርቀት አይሰማውም።

ሦስተኛ፣ ፋይሉ በትክክል እንዲጻፍ ይደረግ። ስልኩ ሲገናኝ አገልግሎት ሰጪው ለኮምፒውተሩ ሁለት ነገር ይሰጠዋል፤ አንዱ የራሱ የኮምፒውተሩ ቁጥር፣ ሁለተኛው የስም አገልጋዩ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን እንዲቀበል ግን መታዘዝ አለበት። ትእዛዙም በግንኙነቱ ማዘጋጃ ፋይል ውስጥ «ዩዝ ፒር ዲ ኤን ኤስ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ካልሆነ ቁጥሩን በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን በዛሬዎቹ ሊኑክሶች ሪዞልቭ ኮንፍን ሌላ ፕሮግራም እየደጋገመ የሚጽፈው ስለ ሆነ፣ በእጅ የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ማረሚያው የሚጻፈው ለዚያ ለሚጽፈው ፕሮግራም ነው።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ስም ብቻ እንቢ ካለ «ሆስትስ» የተባለውን ፋይል እንመልከት። ከብዙ ጊዜ በፊት በእጅ የተጻፈ አሮጌ ቁጥር በዚያ ተረስቶ ይገኝ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም እንደ ልማዱ ውጭ ከመጠየቁ በፊት የሚያነበው ይህን የቤት መዝገብ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ባለሥልጣኖች ከዚህ የቴክኒክ ነገር አንድ ትልቅ የቋንቋ ትምህርት ታገኛላችሁ። ሊኑክስ ስም ሲጠፋበት ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንደኛው «ስሙን መፍታት ለጊዜው አልተቻለም» የሚል ነው፤ ይህም ማለት የሚጠየቀው አገልጋይ አልተገኘም፣ ወይም አልመለሰም ማለት ነው። ሁለተኛው «ስሙ አይታወቅም» የሚል ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ አገልጋዩ ተጠይቆ፣ መዝገቡን አይቶ፣ እንዲህ ያለ ስም የለም ብሎ መለሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው መልስ ማጣት ነው፤ ሁለተኛው «የለም» የሚል መልስ ማግኘት ነው። «አልተገኘም» እና «የለም» የሚሉትን ቃላት የሚለየው ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ፈላጊው ይናገራል፣ ሁለተኛው ስለ ተፈላጊው።

ይህ ልዩነት ለኮምፒውተር ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት ወር 1876 ዓ.ም. የማህዲ ሠራዊት ከካርቱም ወደ ካይሮ የሚሄደውን የቴሌግራፍ ሽቦ በቈረጠ ጊዜ፣ የከተማይቱ ሰው በሕይወት ነበረ፤ የጠፋው ድምፁ ነው። በእኛም ዘመን ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በካርቱም በሰልፈኞች ላይ ጥቃት በደረሰ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት በመላ ሱዳን ተዘጋ፤ እስከ ሐምሌ 2 ቀንም ድረስ ቆየ። በዚያው መካከል አንድ ጠበቃ የስልክ ኩባንያውን ከሶ ረታ፤ ነገር ግን ክሱ በግል ስሙ ስለ ነበር ፍርዱ በመጀመሪያ ያስከፈተው የእርሱን መስመር ብቻ ነው። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. መንግሥት በወታደሮች በተገለበጠ ጊዜ አገልግሎቱ እንደ ገና ከሦስት ሳምንት በላይ ተቋረጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላም፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ትልቁ ክፍል መስመሩ ፈጽሞ ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትኛውም ፋይል ቢታረም ጥቅም የለውም። ከላይ የገለጽነው የመጀመሪያው ምርመራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ቁጥርም ስምም መልስ ካልሰጡ፣ ጎረቤትም እንደዚሁ ከሆነ፣ ጕድለቱ በራስ መሣሪያ ላይ አለመሆኑን ተረድቶ ገንዘብንና ድካምን መቆጠብ ይቻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ተቀምጣ ልጇን ከካርቱም የምትጠብቀው እናት ነገር ነው። ወደ መሥሪያ ቤታችሁ መጥታ ስለ ልጇ ብትጠይቃችሁ፣ መስመሩ ስላልመለሰ ብቻ «የለም» ብላችሁ አትመልሱላት። «እስካሁን አላገኘነውም፤ መስመሩ ተቋርጧል፤ እንደ ገና እንጠይቃለን» በሏት። የመጀመሪያው ቃል ኀዘን ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው እውነቱን ይናገራል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ነገር ግን ሰዋስው በትክክል የሚያውቅ ሹም ሁለተኛውን ይመርጣል።

ለቤተ ሰብም የምንመክረው ነገር አለ። የዘመዶቻችሁን የስልክ ቁጥር በስልኩ ማኅደር ውስጥ በስም ብቻ አታስቀምጡ፤ በደብተር ላይ በቁጥሩ ጻፉት። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ስሙ ከእርሱ ጋር ይጠፋል፤ የተጻፈው ቁጥር ግን ከሌላ ሰው ስልክ ላይም ይደወላል። እንዲሁም ሩቅ አገር ካለው ዘመዳችሁ ጋር መስመር በተቋረጠ ጊዜ በማን በኩል መልእክት እንደምትለዋወጡ አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ አገልጋይ ቢጠፋ ሁለተኛውና ሦስተኛው በመዝገብ እንደሚጻፉ ሁሉ፣ ለሰውም ሁለተኛና ሦስተኛ ጠያቂ ቢኖረው መልካም ነው።