የበረዶ ናዳ

በአገራችን በረዶ ሲባል ቶሎ ወደ ልባችን የሚመጣው ከክረምት ዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጣሩ እንክብል ነው። እርሱ ሰብል ይመታል፥ ቆርቆሮ ያንኳኳል፥ ጥቂት ቆይቶም ይቀልጣል። በአልፕስ ተራሮች ወይም በኮሎራዶ የሚወርደው ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ የለሰለሰ ሆኖ ሳለ፥ ቀስ በቀስ ተከምሮ ወራት የሚሰነብት፥ አንድ ቀንም ከተዳፋቱ ተገንጥሎ ቤትና ሰው ይዞ የሚወርድ ነው። ይህም የበረዶ ናዳ ይባላል። ዛሬ ከቤተሰቦቻችን ብዙዎቹ በዴንቨርና በሲያትል አካባቢ ስለሚኖሩ፥ ልጆቻቸውም ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ተራራ መውጣት ስለ ለመዱ፥ ነገሩን በዚህ ዓምድ ልንገልጸው ወደድን።

የናዳው ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት የኦስትርያዋን መንደር ጋልቱርን ማሰብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1999 ከተራራው የወረደው ናዳ 31 ሰዎችን ገደለ። ቀድሞም በ1950/51 ክረምት በስዊስ አገር ብቻ 98 ሰዎች በናዳ ሞተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመንደራቸው ሳሉ የደረሰባቸው ነው። ለመንሸራተትና ለመዝናናት ወደ ተራራ በሚወጡት ዘንድ ግን፥ አብዛኛውን ጊዜ ናዳውን የሚያስነሣው የሚቀበረው ሰው ራሱ ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ይህ የሚያሳዝን ቢሆንም ጥቂት ያጽናናል፤ ሰው የሚያስነሣውን ሰው ሊያስቀረው ይችላልና።

በረዶ በአንድ ጊዜ ስለማይወርድ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተደራረበ ይቀመጣል። በኮሎራዶ በክረምቱ መጀመሪያ የሚወርደው ጥቂት ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ብርቱ ቅዝቃዜ ሲሆን፥ ከምድር ሙቀት የተነሣ በስሱ በረዶ ውስጥ ወደ ላይ የሚያልፈው እንፋሎት የታችኛውን ንጣፍ እርስ በርሱ ወደማይያያዝ ሻካራ ፍሬ ይለውጠዋል። በእጅ ቢዘግኑት እንደ ስኳር ይፈሳል። ከዚያ በኋላ ከባድ በረዶ ሲወርድበት፥ ወይም ነፋስ ከማዶ ጠርጎ ሲያመጣበት፥ በጤፍ ፍሬ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ይመስላል። አንድ ሰው ሲረግጠው ከሥር ያለው ይደቃል፥ ሳንቃውም ተሰንጥቆ ይንሸራተታል። ይህም በብዛት የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው። ከዚህ በቀለለው ላይ መሄድ ይሻላል፤ ሆኖም ከበላዩ ቀጥ ያለ ተዳፋት ካለ፥ ከታች በሜዳው የሚሄደውም ከአደጋው ውጭ አይደለም።

የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በክረምት በየቀኑ የአደጋውን መጠን በአምስት ደረጃ ከፍሎ ያስታውቃል። እኛ ይልቁን ሦስተኛውን እንፈራዋለን፤ መካከለኛ ስለሚመስል ሰው ይደፍረዋል፥ በአውሮፓም ብዙ ሰው የሚሞተው በዚሁ ደረጃ ቀን ነው። በመንገድ ላይ ትኩስ ናዳ ከታየ፥ ከእግር በታች ድም የሚል የታፈነ ድምፅ ከተሰማ፥ ወይም በረዶው ከፊት ከተሰነጠቀ፥ መመለስ ነው። የሌላውን ሰው ዱካ ማመንም አይገባም፤ አራቱን አሳልፎ አምስተኛውን የሚወስድ ናዳ አለ። ብዙ በረዶ በወረደ ማግስት ፀሐይ ስትወጣ ያ ያማረ ቀን ከሚያስፈሩት አንዱ ነው።

እናት ልጅዋን ስትሸኝ ስለ ስንቁና ስለ ካፖርቱ ብቻ አትጠይቅ። ምልክት የሚልከውንና የሚቀበለውን መሣሪያ በደረቱ ታጥቋልን? አካፋ ይዟልን? ተጣጥፎ የሚያዘው ረጅሙ የመፈለጊያ ዘንግስ? ሦስቱም በእያንዳንዱ መንገደኛ ዘንድ መኖር አለባቸው፤ አካፋው በአንዱ ከረጢት ብቻ ካለ፥ እርሱ ሲቀበር አካፋውም ተቀበረ ማለት ነው። የእጅ ስልክም መሣሪያውን ስለሚያውክ ከእርሱ ይራቅ።

አደገኛውን ተዳፋት አንድ በአንድ እየተሻገሩ፥ የቀሩት ከደኅና ስፍራ ይመልከቱ። አንዱ ቢቀበር፥ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የሚወጡት አብዛኞቹ በሕይወት ይገኛሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ተስፋው እጅግ ይመነምናል፥ ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚገድለው አየር ማጣት ነውና። ስለዚህ ሁሉም ለእርዳታ ጥሪ አይሩጥ። መጨረሻ የታየበትን ቦታ ምልክት አድርገው ከዚያ ወደ ታች ይፈልጉ። ዘንጉ ሰው ሲነካ እዚያው ተተክሎ ይቆይ፤ ቁፋሮውም ከላይ ቁልቁል ሳይሆን ከዘንጉ ግርጌ በታች ካለው ተዳፋት ወደ ውስጥ ይሁን፤ ራሱ እንደ ተገኘም በመጀመሪያ አፉና አፍንጫው ከበረዶ ይጠረግ።