ያልተነገራት ሴት አልፈቀደችም

«ሁሉን ከነገርናቸው ይሸሻሉ።» ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር የጤና ባለሙያ ጥቂት ነው፤ በሥራው የሚያሳየው ግን ብዙ ነው። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ በአንጋጫም ሆነ በሌላው የከምባታና የሃዲያ ገጠር ለሴቶች ሲቀርብ፣ ብዙ ጊዜ ጥቅሙ በዝርዝር ይነገርና የጎንዮሽ ጉዳቱ «ምንም አይልሽም» ተብሎ ይታለፋል። ክርክሬ ከመከላከያው ጋር አይደለም። መሬት በጠበበበት፣ የእንሰት ጓሮ ለልጆች እየተሸነሸነ ባለቀበት አገር አንዲት እናት የምትወልድበትን ጊዜ ራሷ መወሰኗ ትልቅ ነገር ነው። የምቃወመው ሳይነግሯት «ፈቅዳለች» ብሎ መመዝገብን ነው።

መድኃኒቱ የሚደበቅ ነገር የለውም። ከዓይነቶቹ አንዱ፣ ኢምፕላኖን፣ የክብሪት እንጨት የምታህል አንዲት ዘንግ ናት፤ 3 ዓመት ትሠራለች። ጃዴል ሁለት ዘንግ ነው፤ 5 ዓመት ያገለግላል። እርግዝናን በመከላከል ከብርቱዎቹ ዘዴዎች ይመደባሉ። የወር አበባን ግን ያዛባሉ፤ አንዷ ለወራት አይመጣባትም፣ ሌላዋ ለሳምንታት ይፈሳታል። ይህ በአብዛኛው ለሕይወት አያሰጋም። ሆኖም እንሰት ስትፍቅ ለምትውል፣ ገበያ በእግሯ ለምትወርድ፣ የሞዴስ መግዣ ለሌላት ሴት ቀላል ነገር አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን ወይም ለኤችአይቪ ኢፋቪሬንዝ የምትወስድ ሴት ደግሞ የመከላከያው ኃይል እንደሚቀንስባት ካልተነገራት፣ ተጠብቄያለሁ ባለችበት ልታረግዝ ትችላለች።

ስለ ማውጣቱ የሚባለውማ ከዚህም ያነሰ ነው። ኢምፕላኖን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ እስከ ቀበሌ መውረድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር። ሠራተኞቹ ሲሠለጥኑ የተማሩት ማስገባቱን ነው፤ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። አገልግሎቱ ሲሰጥ ደጃፍ ድረስ መጣ፤ ይብቃኝ ለምትል ሴት ግን መንገዱ ረዘመ። «ስትፈልጊ ታወጪዋለሽ» የሚለው ቃል የት፣ በማን፣ በየትኛው ቀን ካልተባለ ግማሽ እውነት ነው። ጤና ጣቢያ ደርሳ «ጊዜው መች ሞላና?» ተብላ የተመለሰች ሴት ደግሞ ያን ቀን ፈቃዷን ተነጥቃለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ጥፋቱን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ላይ መጫን አይገባም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ገና እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 16 የጤና ፓኬጆችን አሸክሟታል፤ ስትገመገም የምትጠየቀውም የአዲስ ተጠቃሚ ቁጥር ነው። ግማሽ ሰዓት አስረድታ «ይቅርብኝ» የተባለች ሠራተኛ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች፤ በግምገማ ላይ ግን ያን ቀን ባዶ እጇን ነች። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ራሱ ሴቶችን ስለ ጎንዮሽ ጉዳት፣ ጉዳት ሲገጥም ስለሚደረገው እና ስለ ሌሎች አማራጮች ተነግሯቸው እንደሆነ ይጠይቃል። በጥናት የሚጠየቅ ነገር በወረዳ ግምገማ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም።

ሕጉም አልጎደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንም ሰው ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል በአንቀጽ 20 ደንግጓል። ደንብ ቁጥር 299/2006ም ሕክምና በታካሚው ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ያዛል። ሌላው ዓለም በዚህ ነገር ከደረሰበት እንማር። ጡታቸው ውስጥ ሲሊኮን ያስገቡ ሴቶች አደጋው አልተነገረንም ብለው ለዓመታት ከጮኹ በኋላ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ሽያጩን ገደበ፤ አደጋውን ነጥብ በነጥብ ከታካሚዋ ጋር አይቶ ለማያስፈርም ሐኪም ዕቃው አይሸጥም። በገንዘቧ ለውበት ለምታስገባ ሴት ይህ ካስፈለገ፣ በነጻ የምትቀበለዋ የአንጋጫ ሴት የሚቀነስባት በምን ሂሳብ ነው? ነጻ መሆኑ ማብራሪያውን አያስቀርም።

«አይገባቸውም» የሚሉም አሉ። ከምባታ ላይ ሆኖ ይህን ማለት ያሳፍራል። ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር የመሠረተችው ከምባቲ መንቲ ጌዚማ ቶጴ የተባለ ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን የተዋጋው አገሬውን በየቀበሌው ሰብስቦ በማወያየት ነው፤ ወንዱም ሴቱም ስለ ሴት አካል በግልጽ ተነጋገረ፣ ሰምቶም ሐሳቡን ለወጠ። ያን ያህል ከባድ ነገር ላይ የተወያየ ሕዝብ ስለ ወር አበባ መዛባት ሲነገረው የማይገባው ነገር የለም። ሳይነገራት የቆየች ሴት ደም ሲፈሳት በድንጋጤ ታወጣዋለች፤ ለጎረቤቶቿም የምትነግረው ያንኑ ድንጋጤ ነው። ሰው የሚሸሸው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ማብራሪያው ሴትዮዋ በምትናገረው ቋንቋ፣ በከምባትኛ ወይም በሃዲይኛ፣ ከመርፌው በፊት ይሰጥ። ማስወጫ ቦታውና ቀኑ በካርዷ ላይ ይጻፍ፤ ሐሳቧን በቀየረች ቀንም ያለ ክርክር ይውጣላት። «ይቅርብኝ» ያለችውም በሠራተኛዋ ግምገማ ላይ እንደ ሥራ ትቆጠር። በቅርብ የሚያወጣ ሰው ሳይመደብ ማስገባቱ አይጀመር።