የባለ እጅ ዕውቀት የከተማ ሀብት ነው

ከተማ የሚቆመው በድንጋይና በኖራ ብቻ አይደለም፤ በሰው ዕውቀትና በእጅ ሥራም ጭምር ነው። ሥራው የተቋረጠበት ከተማ ግንቡ ሳይፈርስ ያረጃል፤ ዕውቀቱ የተጠበቀለት ከተማ ግን ቢደክምም ተመልሶ ይበረታል።

ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው፥ በ1895 ዓመተ ምሕረት ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ። በዚያም መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ሐዲዱ በ1909 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ዋናው የባቡር መጠገኛ በድሬዳዋ ስለ ቀረ፥ ቀጥቃጩ፥ የቶርኖ ሠራተኛው፥ በያጁና አናጢው በዚያ ሠለጠኑ። የጥጥና የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ተከትለው ቆሙ።

በ2009 ዓመተ ምሕረት የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሐዲዱ ሰፊ ነው፤ በአንድ ሜትር ሐዲድ ለሚሄደው ለቀድሞው ባቡር የተሠራው መጠገኛ አይስማማውም። ስለዚህ የመጠገኛው ሥራ እጅግ ቀነሰ፤ ሽማግሌዎቹ ባለ እጆችም ዕውቀታቸውን ሳያወርሱ እንዳያልፉ ያሰጋል።

በእስፓኝ አገር የምትገኘው ቢልባኦ የመርከብና የብረት ፋብሪካዎቿ በተዘጉ ጊዜ ተመሳሳይ ችግር ደርሶባት ነበር። በ1990 ዓመተ ምሕረት በወንዟ ዳር የተከፈተው ሙዚየም ዝናዋን በዓለም አወጣው። ነገር ግን ከተማዪቱን ያነሣት አንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ የቈሸሸውን ወንዝ ማጽዳትና የከተማ ባቡር መዘርጋት አብረው ተሠርተዋልና።

ለድሬዳዋም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓመተ ምሕረት የተከፈተው የነፃ ንግድ ቀጣና መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን አዲስ ፋብሪካ ያለ ባለ እጅ አይሄድም። ስለዚህ የአሮጌው መጠገኛ መሣሪያዎች በመዝገብ ይጻፉ፤ ቦታው ከፊሉ ለጎብኚ የሚታይ ሙዚየም፥ ከፊሉም ወጣቶች ከሽማግሌዎቹ የሚማሩበት የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ይሁን። መሣሪያውን ጠብቆ ዕውቀቱን መጣል፥ መክሊቱን በምድር እንደ ቀበረው አገልጋይ መሆን ነው።

ባለ እጅን መናቅ የቆየ በሽታ ነው፤ ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ፥ ጻድቁ ዮሴፍም ጠራቢ እንደ ነበሩ የሚያስተምሩ ካህናት ይህን ንቀት ከሕዝቡ ልብ ሊያርቁ ይችላሉ። ሹማምንት ቦታውን ያዘጋጁ፤ ካህናት ልቡናን ያዘጋጁ። መምህራኑ በሕይወት ሳሉ ያልተጀመረ ትምህርት ኋላ በገንዘብ አይገዛም።