ያልመረጡት ዲፓርትመንት

 በዚህ እትም የማነሣው ጉዳይ በየዓመቱ በብዙ ቤቶች እንባ ያስፈስሳል። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት ከጨረሰ በኋላ የሚደርሰው የዲፓርትመንት ምደባ ነው።

ነገሩን ከላስታ ልጀምር። ከላሊበላ ከተማ ወጥቶ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ነአኩቶ ለአብን ያገኛል። በስመ ጥሩው የዛግዌ ንጉሥ ስም የሚጠራ፣ በትልቅ ዋሻ ከለላ ሥር የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩም በዘመን ብዛት የተቦረቦሩ የድንጋይ ገንዳዎች ጠብታውን ይቀበላሉ። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን በአክብሮት ይይዙታል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ውሃው ወደዚያ ስለሚደርስበት መንገድ ነው።

የሄድነው በየካቲት ወር ነበር። ሜዳው ደርቋል፣ አቧራው ይነሣል፤ ጠብታው ግን አላቋረጠም። ቦታውን ያሳየን ለሴሚስተር ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የመጣ የአንድ አማኝ ቤተሰብ ልጅ ነው። “ይሄ ሁሉ በበጋ ከየት ይመጣል?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ከላይ ነው፣ ጋሼ” አለኝ። “የክረምቱ ዝናብ አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በዐለቱ ስንጥቅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከላይ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ሲያልቅ ግን ዝናቡ ላይ ላዩን ይሮጣል እንጂ አይሰርግም።” ይህን ሲናገር ፊቱ በርቶ ነበር። ወዲያው ግን አቀረቀረና፣ “ምን ዋጋ አለው፤ ይሄን የተማረ ማን ይቀጥረዋል?” አለ።

ሕክምና ፈልጎ ነበር፤ የደረሰው አካባቢ ሳይንስ ነው።

ማታ እቤታቸው ቡና ተፈላ። እናቱ ባላቸውን በሞት ያጡ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። “ወንድሜ፣ ሐኪም ይሆንልኛል ብዬ በጎቼን ሸጬ ላክሁት። አሁን አፈር ነው የሚማረው አሉኝ። አፈርማ አባቱም ያውቀው ነበር!” አሉኝ። ልጁ ሲወጣ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጓደኞቹ በጅቡቲ አድርገው ወደ ሳዑዲ ለመሄድ እንደሚመክሩ፣ እርሱም ልቡ እንደ ከዳ ነገሩኝ። በዚያ መንገድ ሄደው በበረሃና በባሕር የቀሩትን ልጆች ስም የወሎ እናቶች ያውቁታል። ያን ምሽት አብረን ጸለይን እንጂ የሚረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ይህ ጽሑፍ ያኔ መናገር የነበረብኝ ነው።

ዳንኤልም አልመረጠም

የዳንኤልን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ እስቲ እንደ ተማሪ ቤተሰብ ሆናችሁ አንብቡት። ዳንኤልና ጓደኞቹ ከአገራቸው ተወስደው በባዕድ ንጉሥ ትእዛዝ የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት እንዲማሩ ተመደቡ (ዳን. 1፥4)። ማን ምርጫቸውን ጠየቃቸው? የጥናቱን ዘመን እንኳ የወሰነው ቤተ መንግሥቱ ነው፤ ሦስት ዓመት። እነርሱ ግን ከማዕዱ ራሳቸውን ለዩ እንጂ ከትምህርቱ አልሸሹም። በዚያው ባልመረጡት ትምህርት እግዚአብሔር ማስተዋልን እንደ ሰጣቸው ቁጥር 17 ይናገራል።

ምደባ ሁሉ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው ማለቴ አይደለም። ውጤት ይሳሳታል፣ ኮታ ይጠብባል፣ ሰውም ያዳላል። በሚገባው መንገድ ቅያሪ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ያልመረጥነው ቦታ እግዚአብሔር የሌለበት ቦታ ነው ብለን እንዳንደመድም እፈራለሁ።

“አፈር” የሚባለው ትምህርት

እናቲቱ “አፈር” ያሉትን እንመልከተው። አካባቢ ሳይንስ የሚማር ተማሪ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ ይማራል። አፈር እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚታጠብ፣ ውሃ ከመሬት በላይና በታች እንዴት እንደሚጓዝ ያጠናል። ቆሻሻ አወጋገድን፣ የአየር ንብረትን፣ በኮምፒውተር ካርታ መሥራትን፣ ፋብሪካ ወይም መንገድ ከመሠራቱ በፊት ጉዳቱን መገምገምን ይማራል። በመጨረሻም የራሱን ጥናት ሠርቶ ያቀርባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለበት።

ይህ ለላስታ ሰው የቅንጦት ትምህርት ነውን? እ.ኤ.አ. በ1981 ደቡብ ወሎ ማይባር ላይ የአፈር ጥበቃ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። ከዚያና ከሌሎች ጣቢያዎች በተሰበሰበ መረጃ ተመራማሪዎች በአገራችን ከታረሰ መሬት ላይ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ገመቱ። ወደ አሥር የሚጠጋ የአይሱዙ ጭነት ማለት ነው። በማሳው ላይ ቢነጠፍ ግን ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ገበሬው ሲሄድ አያየውም። ልጁ ሲያድግ፣ የልጅ ልጁ ሲያርስ ነው ድንጋዩ ብቅ የሚለው።

አፈሩስ የት ይሄዳል? ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሣል። በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀውን፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለውን የተከዜ ግድብ አልፎ ሱዳን ይገባል፤ አትባራ ወንዝ ላይ ያለው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብም በደለል ብዛት ውሃ የመያዝ አቅሙ ክፉኛ ቀንሷል። የእኛ እርሻ እዚያ ተኝቷል ማለት ነው።

በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ወሎ ምን እንደ ሆነ ዕድሜ ያላችሁ አትረሱትም። ጦርነትና አስተዳደርም ድርሻ ነበራቸው፤ ነገር ግን የተራቆተ መሬት አንድ የዝናብ ወቅት ሲያመልጠው የሚቋቋምበት ጉልበት የለውም። ሐኪም የታመመውን ሕፃን ያድናል፤ ጌታ ይባርከው። የምንጩን ውሃ የሚመረምርና አፈሩን የሚያቆም ባለሙያ ደግሞ ሕፃኑ እንዳይታመም ይደክማል። ሁለቱም አንድ ሕፃን ነው የሚያገለግሉት።

“ምድር ታልፍ የለም ወይ?”

ይህን ሳነሣ ከምእመናን የሚመጣውን ጥያቄ አውቃለሁ። “ምድር በእሳት ታልፋለች (2ጴጥ. 3፥10)፤ ነፍስ ማዳን እያለ ስለ ሣር ምን አስጨነቀን?” ይባላል። እኔም በተራዬ ልጠይቅ፦ ሥጋችንስ ያልፍ የለምን? ታዲያ ለምን እናጥበዋለን፣ ለምን እንመግበዋለን? አላፊ ስለሆነ አልጣልነውም፤ ባለቤቱ እግዚአብሔር ስለሆነ እንጠብቀዋለን። ምድርም የእርሱ ናት (መዝ. 24፥1)። ሰው ከመውደቁ በፊት የተሰጠው ሥራ አትክልቱን ማልማትና መጠበቅ ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ንጉሥ ዖዝያንም ጉድጓድ በማስቆፈሩና እርሻ በመውደዱ ተጽፎለታል (2ዜና 26፥10)።

ይህ ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርትም አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማልማት መነጣጠል እንደሌለባቸው ተከራክራለች። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገድለዋል፤ ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይጠናል። በባሕር ማዶም፣ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤን የሳይንስ ቡድን ለዓመታት የመሩት የዌልስ ተወላጁ ሰር ጆን ሃውተን ወንጌላዊ አማኝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ይህን ሥራ ከእምነታቸው አልለዩትም።

እንጀራውስ?

እናት የምትጠይቀው ይህን ነው፤ መጠየቋም ተገቢ ነው። ስለዚህ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። በዚህ ትምህርት ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ልጆች አሉ። ዲግሪ ብቻውን እንጀራ የሚሰጥበት ዘመን አልፏል፤ ይህም በሌሎች ብዙ የትምህርት ዘርፎች ይታያል።

በሩ ግን ዝግ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ትላልቅ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖ እንዲገመገም አዘዘ፤ በዚህም ባለሙያ ተፈላጊ ሆነ። እነዚህ ሕጎች በወጡበት ዘመን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን የመሩት ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። በዓለም አቀፍ ድርድር የአፍሪካን ገበሬ ዘር በመሟገታቸው እ.ኤ.አ. በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉ ዓለም አስታወሳቸው። የተማሩት “ሣር” ነበር።

እንግዲህ አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ምክሬ ይህ ነው። አንደኛ፣ ስታቲስቲክሱንና የካርታ ሥራውን እንደ ጥርስ ሕመም አትሽሹት፤ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ዕረፍት የመንደራችሁን ምንጭ ለኩ። ሃያ ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይበቃል። ጀሪካኑ በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል። ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የአራት ዓመት መዝገብ የያዘ ተመራቂ ባዶ እጁን አይቆምም። ሦስተኛ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራን ከአጥቢያችሁ ጀምሩ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቆሻሻ የት እንደሚጣል ማን ያውቃል?

እናንተ ወላጆችም፣ ልጃችሁን “ምን ደረሰህ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ “ምን ተማርህ?” ብላችሁ ጠይቁት። በቤታችሁ እንደ ወደቀ ሰው ከታየ፣ ልቡን የሚወስደው ደላላ ደጅ ላይ ቆሟል። ሽማግሌዎችም ለተመራቂ ብቻ ሳይሆን፣ ባልፈለገው ምደባ ላዘነው ልጅም እጅ ጭናችሁ ጸልዩለት።

ያ ልጅ ለሁለተኛው ሴሚስተር ተመልሷል። እናቱ ገና አልተጽናኑም፤ እውነቱን ልናገር። ነገር ግን ሊሄድ ዕቃውን ሲያስር አንድ ነገር ጠይቀውታል። በልጅነታቸው እስከ ግንቦት ይዘልቅ የነበረው የሰፈራቸው ምንጭ አሁን በመጋቢት ይደርቃል። “ትምህርትህ ይሄን ያውቀዋል?” አሉት።

በስልክ ሲነግረኝ፣ “ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ እናቴ ሰጠችኝ” አለ።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ይህን የመሰለ ነገር ገጥሟችሁ ከሆነ ጻፉልን። እስከ ሚቀጥለው እትም የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።