«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ሲሉን

ፊልሙ ሊጀምር ሲል ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቅ ትላለች፤ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ»። ያን ጊዜ ሁላችንም ወንበራችን ላይ ቀና እንላለን። ስልኩ ኪስ ይገባል፣ ፈንዲሻ ማሻመዱ ይቆማል። እውነት ነዋ! ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ይቅር የማንለውን የተንዛዛ ትዕይንትና የማያሳምን ንግግር «ምን ይደረግ፣ እንዲህ ነው የሆነው» ብለን እናልፈዋለን። ይቺ መስመር ለፊልም ሠሪው ብዙ ታበድረዋለች፤ እንባችንን፣ ትዕግሥታችንን፣ እምነታችንን። ዛሬ ልንጠይቅ የፈለግነው ብድሩን ማን ይከፍላል የሚለውን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ።)

«መጽሐፉ ይሻል ነበር» የምትል ወዳጅ የሌለው ሰው የለም። ፊልሙ ሳያልቅ ጆሯችን ላይ «እዚህ ጋ እኮ መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም» እያለች የምታንሾካሹከዋ! እሷን ልንቀየም አንችልም፤ ያነበበችውን ነው የምትከላከለው። ግን ከልብ ወለድ የተወሰደ ፊልም ቢበላሽ የሚጎዳው ማን ነው? ደራሲው ውል ፈርሟል፣ ክፍያውን ተቀብሏል፣ ከከፋው ደግሞ ጋዜጣ ጠርቶ ይናገራል። ገጸ ባሕርይዋማ ምን ትሆናለች? ጎረቤት የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ገበያ ስትወጣ «ያቺ ናት» ብሎ የሚጠቋቆምባት የለም። የእውነተኛ ታሪክ ባለቤት ግን ይህ ሁሉ አላት። ስለዚህ ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ሚዛን መመዘን ትክክል አይመስለንም።

ሁለቱን የቀላቀሉም አሉ። የጋይልስ ፎደን «ዘ ላስት ኪንግ ኦፍ ስኮትላንድ» በ1998 የታተመ ልብ ወለድ ነው፤ በ2006 ፊልም ሆነና ፎረስት ዊታከር ኢዲ አሚንን ሆኖ በመተወን ኦስካር ወሰደ። ትወናው ለጉድ ነው፣ አንከራከርም። ነገር ግን ታሪኩን የሚመራን ስኮትላንዳዊ ወጣት ሐኪም በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም፤ ደራሲው የፈጠረው ነው። ፊልሙ ይህን ያልነበረ ሰው ከአሚን ሚስት ከኬይ ጋር ፍቅር ያስይዘዋል። ኬይ አሚን ግን የነበረች ሴት ናት፤ በ1974 በአሰቃቂ ሁኔታ ሞታ ተገኝታለች። የአንዲት ሴት እውነተኛ ሞት ላልተፈጠረ ሰው የጸጸት ማጣፈጫ ሲሆን ማየት ይከብዳል። ፊልሙን አይቶ የወጣው ሰው ደግሞ ኬይን የሚያውቃት በዚህ ነው። ማን ሄዶ መዝገብ ያገላብጣል?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል በፓኖራማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲውሰርነት ስሟን ሰጠችው። አማርኛ የሚናገር ፊልም እንዲህ ከፍ ሲል እንደ ብዙው ሰው እኛም ደስ ብሎናል። ርዕሱ ራሱ ግሩም ነው፤ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ተሸክሟል፤ በሌላ ቋንቋ ይህን መናገር ቀላል አይሆንም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፣ ስታመልጥ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ይሟገታል። ፍርድ ቤቱም ራስን መከላከል ነው ብሎ ነፃ ይለቃታል። ጠበቃዋን ሜሮን ጌትነት፣ ልጅቷን ትዕግሥት የሚጠይቀውን ዝምታ ይዛ ትዝታ ሀገሬ ይጫወታሉ። ሁለቱም አንጀት ይበላሉ።

እስቲ አንድ ነገር እናስተውል። ፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በእውነተኛ ስሟ። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ የነበረችው፣ ከ2018 እስከ 2023 መጀመሪያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው ራሷ መዓዛ። ልጅቷ ግን ፊልሙ ውስጥ «ሂሩት» ናት። የእውነቷ ባለታሪክ ስም አበራሽ በቀለ ነው። የተማረችዋ በስሟ ገባች፤ የተጠለፈችው፣ የተኮሰችው፣ የታሰረችው በሌላ ሰው ስም።

«ሊጠብቋት ብለው ነው» ሊባል ይችላል፤ የተደፈረችን ልጅ ስም መሸሸግ ደግ ልማድ ነው። ይህን ክርክር አንንቀውም። ነገር ግን አበራሽ ከዚያ አስቀድሞ በዘጋቢ ፊልም በስሟ ቀርባ ነበር፤ ጉዳዩም በጊዜው የአገር ወሬ ነበር። ከሁሉም በላይ ጥበቃ ማለት ባለቤቷን ጠይቆ የሚደረግ ነገር ነው። መስከረም 2014 አዲስ አበባ ላይ ፊልሙ ሊመረቅ እንግዳው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ የፍርድ ቤት እግድ ደርሶ ምረቃው ቀረ። አቤት ካሉት መካከል አበራሽ አለችበት። ታሪኬን ያለ እኔ ወሰዱት ነው የነገሩ ፍሬ። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ፣ ኢትዮጵያን ወክሎም ለኦስካር ተላከ።

በዚያን ሰሞን ወሬው ሁሉ «ስንት ዓመት ጠብቀን አንድ ፊልም ቢወጣልን ምቀኛ አገደው» የሚል ነበር። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፤ ስለ ሴት ልጅ ፈቃድ የተሠራ ፊልም የሴትዮዋ ፈቃድ ላይ ከተሰናከለ፣ ጉዳዩ የምቀኝነት ሳይሆን የፊልሙ የራሱ ጉዳይ ነው። ጠላፊው ያልጠየቃትን ሁላችንም ደግመን ሳንጠይቃት ቀርተን እንዳይሆን።

ይህን ማለታችን ፊልሙ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው፤ በ2004 የወጣውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋ። በመካከሉ ያለው ዘጠኝ ዓመት ግን ፊልም አይሆንም፤ ስብሰባ ነው፣ ረቂቅ ነው፣ ደጅ ጥናት ነው። ፊልሙ ለከተማ ወጣት አንዲት ጉዳይ ምን ያህል እንደምትከብድ በ99 ደቂቃ አሳይቷል። ዕዳ አለበት ስንል ሥራው ትልቅ ስለሆነ ነው።

ሌላም እንጨምር። በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ስለወጡበት ምስጢራዊ ዘመቻ ነው። መሪ ተዋናዩ ክሪስ ኢቫንስ ነው፤ ሸሚዙን አውልቆ ስፖርት ሲሠራ ረዘም ላለ ጊዜ እናየዋለን። ፈረደ አክሉም የተባለው፣ ቀድሞ ሱዳን ገብቶ የድረሱልን ደብዳቤ የጻፈው፣ ወገኖቹን ሲያሰባስብ የኖረው ሰው ግን «ካበደ ቢምሮ» በሚባል ገጸ ባሕርይ ተተክቶ ከጎን ቆሟል። በዚያ ጉዞና በመጠለያዎቹ 4,000 የሚገመቱ ሰዎች አልቀዋል። ልጆቻቸው ዛሬ እስራኤል ውስጥ አሉ፤ ፊልሙን ሲያዩ የአባቶቻቸውን እግር ፈልገው የሚያገኙት የሌላ ሰው ደረት ነው።

በተቃራኒው «አትሌቱ»ን ተመልከቱ። ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል በ2009 ስለ አበበ ቢቂላ የሠሩት ነው። የሮምና የቶኪዮን ድል በጥንቱ እውነተኛ ቀረጻ ያሳየናል፤ ትወናው የሚበረታው ከ1969ኙ የመኪና አደጋ ወዲህ፣ ካሜራ ብዙም ባልነበረበት ሰዓት ነው። የታወቀውን አልነካካም፣ ያልታየውን ነው የሞላው። ፊልሙ ቀስ ይላል፣ አዎ፤ አንዳንዶቻችን ማዛጋታችን አልቀረም። ቢሆንም አበበ በገዛ ታሪኩ ውስጥ ረዳት ተዋናይ አልሆነም።

«ታዲያ ሁሉንም አስፈቅዶ ፊልም ሊሠራ ነው እንዴ? ኢዲ አሚንስ ይፈቅድ ነበር?» ትሉን ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሳችን ሥልጣን ላይ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ታሪኩ የሕዝብ ነው፤ ሳይወድ ይነገርበታል፣ መነገርም አለበት። አንዲት የገጠር ተማሪ ግን ዕድሜዋን በሙሉ በአንድ ክፉ ቀን ስም እንድትጠራ ሥልጣን አልያዘችም። ከባለሥልጣኑ ፈቃድ አንጠይቅ፤ ከእሷ ግን እንጠይቅ። ፊልም ሰዓት እንደሚያጥረው፣ ሦስቱን ሰው አንድ እንደሚያደርግ፣ ንግግር እንደሚፈጥር እናውቃለን። ያ ጥበቡ ነው። ስም ማስቀረትና ባለቤትን አለማማከር ግን የጥበብ ግዴታ አይደለም።

እንግዲህ ፊልም ገምጋሚ ሁሉ (እኛንም ይጨምራል) ካሜራውንና ሙዚቃውን ካደነቀ በኋላ ሦስት ነገር ቢጠይቅ እንላለን። በእውነተኛ ስሙ የገባው ማን ነው፣ ስሙ የተቀየረውስ? ታሪኩን በማን ዓይን ነው ያየነው? በሕይወት ያለው ባለታሪክ ተጠይቋል ወይ? መልሱ ደስ የማያሰኝ ሆኖ ፊልሙ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም አብሮ መናገር ነውር የለውም።

«ድፍረት»ን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት፤ ይገባዋል። ከዚያ ስለ ሂሩት ስታወሩ፣ አበራሽ የምትባል ሴት እንዳለች አብራችሁ አውሩ።